የእትዬ ብርቄ ሻወርና የጎረቤታቸው ቤት

«ሒሳቤን ስጡኝ» ብሎ መናገር የሚያሳፍራችሁ ከሆነ እባካችሁ ታይል አንጣፊ አትሁኑ። እኔ ይህን የሚመክረኝ ሰው ሳላገኝ ገባሁበት። ሲያትል የመጣ ሐበሻ ወይ ታክሲ ይነዳል፣ ወይ ፓርኪንግ ይጠብቃል፣ ወይ ነርስ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ሰው በባዶ እግሩ የሚቆምበትን ወለል አነጥፋለሁ። ሥራው ክፉ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መንበርከክ አለበት እንጂ። ከመንገድ በመስኮት አሻግሮ ያየኝ ሁሉ «ይሄ ሰውዬስ ጸሎት ያበዛል» ሳይለኝ አይቀርም። የሚከብደው ግን መንበርከኩ አይደለም። የሚከብደው ሥራው አልቆ፣ ከጉልበት ተነስቶ፣ አቧራ አራግፎ፣ የቤቱን ባለቤት ዓይን ዓይኑን እያዩ «እንግዲህ ሒሳቡ» ማለቱ ነው። እኔ «እንግዲህ» እስከሚለው ድረስ በደንብ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር አላውቀውም።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው የቤት ገበያው በወደቀበት ሰሞን ነው። ዳውንታውን የቆሙት ክሬኖች እንኳ ሥራ ፈተው ዝናብ ይመታቸው ነበር። ኬንት የገዛናት ቤት ዋጋዋ ከዕዳዋ አንሶ፣ ባለቤቴ ራሔል ኤርፖርት ሠርታ የምታመጣው ለሞርጌጁ፣ ለባንኩ የቤት ዕዳ፣ እኔ የማመጣው ለቀረው ሁሉ ተመድቦ ነበር። ችግሩ እኔ የማመጣው ነገር አልነበረም። በዚህ መሀል ነው እትዬ ብርቄ ኮል ያደረጉልኝ።

እትዬ ብርቄን የማያውቅ ሐበሻ እዚህ ከተማ ገና ትናንት የገባ መሆን አለበት። ሾርላይን ነው የሚኖሩት። ከሾርላይን እስከ ዴ ሞይን ክርስትና ያላነሱት ሕፃን፣ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ለቅሶ ያልደረሱበት ቤት የለም። የእኛም ትንሿ ልጅ የክርስትና እናት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ብቻቸውን ናቸው ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ቤታቸው ሁልጊዜ ሰው ሞልቶበት ነው የማገኘው። ጉልበታቸውን እያመማቸው ስለሄደ ሻወራቸውን አፍርሼ ደፍ የሌለው ሻወር እንድሠራላቸው ፈለጉ።

«እግሬን ሳላነሳ፣ ገበያ እንደሚገባ ሰው ሰተት ብዬ ልግባ» አሉኝ።

ደፍ የሌለው ሻወር እንዲህ ነው። ወለሉ ከውጪው ወለል ጋር እኩል ሆኖ፣ ወደ ውኃ መውረጃው ዓይን በማያየው መጠን ዘንበል ይላል። ሥራው ያቺ ዘንበል ማለት ናት። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። እኔ በጌጡ በኩል ራሴን አላማም። የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ታይል፣ በመሀሉ ቀጭን የወርቅ መስመር፣ ግድግዳው ላይ የሳሙና መደርደሪያ፣ ለጉልበታቸው መቀመጫ። ሳስረክባቸው እትዬ ብርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። ከዚያ እልል አሉ። «እጅህ ይባረክ፣ ሒሳብህን ነገ ና ውሰድ» አሉኝ።

በነጋታው ሄድኩ። ዶሮ ወጥ ቀረበ። እትዬ ብርቄ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሥጋውን ወደ እኔ እየገፉ «ብላ እንጂ፣ ይሄ ጉልበት ከየት ይመጣል?» ይላሉ። በላሁ። እጄን ታጠብኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «እንግዲህ» አልኩ።

«እንግዲህማ ልትሄድ ነው፣ ቆይ ለራሔል ልቋጥርላት» ብለው ተነሱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሄድኩ። ጥብስ ነበር። በሚቀጥለው ሄድኩ። ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ተደርድሮ ጠረጴዛው የገጠር እርሻ መስሏል። አንድ ቀን የሟች ባላቸውን የክረምት ጃኬት ከቁም ሣጥን አውጥተው አለበሱኝና በር ድረስ ሸኙኝ፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ነው ሒሳብ ልጠይቅ እንደመጣሁ ትዝ ያለኝ። በዚያ ሰሞን ሱሪዬ እየጠበበኝ፣ ኪሴ እየሰፋኝ ሄደ።

ራሔል በየጊዜው በር ላይ ትጠብቀኛለች።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ሱፍ ፍትፍት ነበር።»

«ስለ ገንዘቡ ነው የምጠይቅህ።»

«እሱ አልተነሳም።»

«ማን እንዲያነሳው ነው የጠበቅከው? ሱፉ?»

ትልቋ ልጄ ከቴሌቪዥኑ ዓይኗን ሳትነቅል «ዳዲ፣ ጀስት አስክ ኸር» አለች። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ነገር ሁሉ ቀላል ይመስለዋል።

ታይሉን የሰጠኝ ሱቅ ዱቤውን ጠየቀኝ። ሞርጌጁ ዘገየ። በዚህ ጊዜ ራሔል ከሥራ መጥታ ጫማዋን ሳታወልቅ «ሊን የሚባል ነገር አለ» አለችኝ።

እኔ ቻይናዊት የሥራ ባልደረባዋ መሰለችኝ። «እሷ ምን ሆነች?» አልኳት።

ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሊን ሰው አይደለም። ቤት ላይ ሠርቶ ያልተከፈለው ባለሙያ፣ ካውንቲው መዝገብ ቤት ሄዶ «በዚህ ቤት ላይ ሒሳብ አለኝ» ብሎ የሚያስመዘግበው ማስያዣ ነው። ቤቱን አይወስድም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ቤቱን ልሽጥ ወይም በቤቱ ልበደር ባለ ቀን መዝገቡ ላይ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል። ሥራው ካለቀ ሦስት ወር ሳይሞላ ካልተመዘገበ ግን ዋጋ የለውም።

«እትዬ ብርቄ ላይ?» አልኩ። «የልጃችን ክርስትና እናት ላይ? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው የሚሰማው አንተ ከነገርከው ነው።»

«ቤታቸውን ይዤ እሑድ እንዴት ዓይናቸውን አየዋለሁ?»

«ሶ፣ ባንኩ የእኛን ቤት ሲይዝ የማንን ዓይን ልታይ ነው?»

በማግሥቱ ላይብረሪ ሄጄ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ወረቀቱ የቤቱን አድራሻ ብቻ አይጠይቅም፤ የመሬቱን ሕጋዊ መግለጫም ይፈልጋል፤ ሎቱ፣ ብሎኩ፣ በስተሰሜን ይህ፣ በስተምዕራብ ያ። የካውንቲውን ካርታ ከፈትኩና ሾርላይንን እየሳብኩ እያሰፋሁ የእትዬ ብርቄን መንገድ አገኘሁት። የእሳቸው ቤት ከሌላ ቤት ጋር አንድ መግቢያ ይጋራል፤ አንዱ ከፊት ነው፣ አንዱ ከኋላ። ከሰማይ ላይ ሲታይ ሁለቱም ጣሪያ ናቸው። ስንት ቀን የበላሁበትን ቤት ከበላዩ አይቼው አላውቅም። አንዱን መረጥኩ። አድራሻውንም መግለጫውንም ቃል በቃል ገለበጥኩ፤ አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም። ኮርቼ ነው ከላይብረሪ የወጣሁት።

ቀጥሎ ወረቀቱ ፊርማ በሚያረጋግጥ ኖተሪ ፊት መፈረም ነበረበት። ለዚህ ደግሞ ጋሽ ኑሩ አሉ። ጋሽ ኑሩ የወሎ ሰው ናቸው። ሬይነር አቬኑ ላይ ያለችው አንዲት ክፍላቸው መስኮቷ ላይ «ኖተሪ፣ ታክስ፣ ትርጉም፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ፓስፖርት ፎቶ» ይላል። ሁለት ወንበር አላቸው፤ አንድ ጠረጴዛ፤ ሰው ሁሉ ምሥጢሩን የሚያራግፍበት አንድ ጆሮ፤ እሱም በስኳር በሽታና በደም ግፊት መሀል የሚኖር ሰው ጆሮ ነው።

ወረቀቴን ተቀብለው አነበቡ። የእትዬ ብርቄ ስም ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እንደገና አነበቡ። ሳል ያዛቸው።

«ልጄ፣ ተነጋግራችኋል ለመሆኑ?» አሉኝ።

«ከማን ጋር?»

«ከሴትዮዋ ጋር ነዋ።»

«በየሳምንቱ እየተገናኘን።»

«መገናኘትና መነጋገር አንድ ነው?» ማህተሙን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት። «ይሄን ነገር ትንሽ ብናሳድረው ምን ይመስልሃል? ሰው እኮ ምክንያት ይኖረዋል።»

«ምን ምክንያት?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ኖተሪ ነኝ። ኖተሪ ፊርማውን ያያል እንጂ የሰው ሆድ አያይም።»

«ጊዜው ሊያልፍብኝ ነው ጋሽ ኑሩ።»

«ያ ረቢ» አሉና፣ ሕመምተኛ ልጁን መርፌ እንደሚያስወጋ አባት ፊታቸውን አዙረው ማህተሙን መቱት። ያን ቀን ስኳራቸው ከፍ ብሎባቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ዳውንታውን ወርጄ አስመዘገብኩት። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሕጉ ኮፒውን ለባለቤቱ በአደራ ፖስታ ላክ ይላል። ለዚህ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሰጣል። እኔም ሁለት ሳምንት ከተሰጠኝ ለምን እቸኩላለሁ ብዬ ኮፒውን መኪናዬ ውስጥ፣ የወንበሩ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ብርቄ ጠሩን። ያለወትሮዬ አልበላልህ አለኝ። እሳቸው ደግሞ ምግቡን እየገፉ፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወለሉን ያያሉ፤ አፋቸውን ከፈት ያደርጉና ይዘጉታል። ያወቁብኝ መሰለኝ። ላቤ መጣ። «ሞቀህ እንዴ?» ብለው መስኮት ከፈቱልኝ።

ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሃይ፣ ግሌን እባላለሁ። እንደምን ዋልክ?»

ደህና ነኝ አልኩ። ስለ ዝናቡ አወራኝ። ትናንት ትንሽ ፀሐይ እንደነበረች አስታወሰኝ። የሲያትል ፈረንጅ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ስልክ ቢደውል በፀሐይዋ ይጀምራል። እኔም ሥራ ሊሰጠኝ ነው ብዬ ፀሐይዋን አብሬው አመሰገንኩ።

«ላስቸግርህ አልፈልግም» አለ በመጨረሻ፤ «ግን ቤቴን አስይዘኸዋል መሰለኝ።»

«ይቅርታ፣ ምን አደረግኩ?»

«ቤቴን ሸጬ ወደ አሪዞና ልሄድ ነው። ዓርብ ፊርማ ነበረን። የሽያጩን ወረቀት የሚያጣሩት ሰዎች ደውለው የሻወር ታይል ዕዳ አለብህ አሉኝ። ኢንተረስቲንግ ነው። ቤቴ ውስጥ ታይል የለም። ሻወሬ ፕላስቲክ ነው።»

እዚህ አገር ስኖር የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የዚህ ከተማ ሰው «ኢንተረስቲንግ» ካለ እጅግ ተቆጥቷል ማለት ነው። አድራሻውን ነገረኝ። ከእትዬ ብርቄ ቤት ፊት ያለው፣ መግቢያ የሚጋሩት ቤት ነው። በየሳምንቱ በበሩ እያለፍኩ፣ ሳሩን ሲያጭድ ሳየው እጄን የማነሳለት ሽማግሌ ነው። በልቼበት በማላውቀው ቤት ላይ ነው ማስያዣ የጣልኩት።

ፊቱን አይቼ ይቅርታ ካልጠየቅኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ስለማውቅ ዕለቱን ሾርላይን ሄድኩ። እትዬ ብርቄ መኪናዬን እንዳያዩ ራቅ አድርጌ፣ ላይብረሪው ጋ ፓርክ አደረግኩ። ዝናቡ ይወርዳል። በአጥሩ ጥግ ጥግ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ካሮት ሊሰርቅ እንደሚገባ ሰው ግሌን በር ደረስኩ። ግሌን ፎጣ ሰጠኝ። ሻይ ሰጠኝ። እያዞረ ቤቱን አስጎበኘኝ፤ በእርግጥም አንዲት ታይል የለችም፤ ምንጣፍ፣ ምንጣፍ፣ ፕላስቲክ። ነገ የመልቀቂያ ወረቀት አስመዘግባለሁ ብዬ ማልኩለት። «ቴክ ዩር ታይም» አለኝ፤ ቀጥሎም «ግን እስከ ሐሙስ» አለኝ።

ስወጣ እትዬ ብርቄ የቆሻሻ በርሜላቸውን እየጎተቱ ከፊቴ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ! ከግሌን ቤት ምን ልታደርግ?»

«ታይል ሊያሠራ ፈልጎ» አልኩ። ውሸት ሲቸኩል የመጣበትን አያይም።

ፊታቸው ልውጥ አለ። «ቤቱን ሊሸጥ አይደል እንዴ?» አሉ። «የት ላይ ነው የሚያሠራው? ሻወር ነው? ሻወር ነው እንዳትለኝ።»

«ሻወር ነው» አልኩ።

እትዬ ብርቄ በርሜሉን ለቀቁት። በርሜሉ ወደ መንገዱ ተንከባለለ። እሳቸው የግሌንን ቤት አንዴ፣ እኔን አንዴ አይተው፣ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው፣ «ዝናብ ነው፣ ልጄ፣ ግባ» ብቻ አሉ። አልገባም ብዬ በርሜሉን አንስቼላቸው ሮጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት የመልቀቂያውን ወረቀት ይዤ ጋሽ ኑሩ ዘንድ ደረስኩ። በሩን ከፈትኩ። ከሁለቱ ወንበሮች በአንዱ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

ወረቀቴን ከጃኬቴ ሥር ወሸቅኩት። የሟች ባላቸው ጃኬት ነው። እሳቸውም እጃቸው ላይ የነበረ ወረቀት ነጠላቸው ውስጥ ሲገባ አየሁት። ተነስተን ተሳሳምን፤ ሦስቴ፣ አራቴ፣ ጊዜ ለመግዛት ትንሽ ጨመር አደረግንበት። ተቀመጥን።

«ለትኬት ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ትኬት። እርስዎስ?»

«እኔም ትኬት።»

«ወዴት ሊሄዱ?»

«አንተ ወዴት ነው?»

«አሪዞና» አልኩ። ሌላ ከተማ አልመጣልህ አለኝ።

«እኔም ወደዚያው ነኝ» አሉ እትዬ ብርቄ።

ጋሽ ኑሩ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆነው ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆዩ። ደረታቸውን ያዙ። «ወላሂ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ የስኳር በሽተኛ ነኝ። ሐኪሙ ነገር አትያዝ ብሎኛል። እናንተ ሁለታችሁ በየተራ እየመጣችሁ ሆዴ ውስጥ ነገር ታስቀምጣላችሁ። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ሌሊት እኔ ነኝ የምገላበጠው። የሰው ምሥጢር አላወጣም፤ ሙያዬ አይፈቅድም። ኦኬ? እኔ ምንም አልተናገርኩም። ውጪ ወጥቼ አየር ልቀበል ነው። ስመለስ ግን ወረቀታችሁን ተለዋውጣችሁ አንብባችሁ ካላገኘኋችሁ፣ ለሁለታችሁም እውነተኛ የአሪዞና ትኬት እቆርጥላችኋለሁ። የማይመለስ።»

ወጡ። በመስታወቱ ሲያዩን እናያቸዋለን።

እትዬ ብርቄ ወረቀታቸውን ቀድመው አወጡ። እኔም አወጣሁ። ተቀያየርን።

የእሳቸው በእኔ ላይ የተዘጋጀ ክስ ነበር። በትክክል ለመናገር በቦንዴ ላይ። ቦንድ ማለት እኛ ኮንትራክተሮች ፈቃድ ስናወጣ የምናስይዘው ዋስትና ነው፤ ሥራ ካበላሸን የቤቱ ባለቤት ካሣውን ከዚያ ይጠይቃል፤ ያ ቦንድ ከተነካ ደግሞ ፈቃዳችን አብሮ ይሄዳል። ጋሽ ኑሩ እትዬ ብርቄ ያሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሰውላቸው ነበር። እንዲህ ይላል፦ ሻወሩ እጅግ ያምራል፤ ሆኖም ውኃው ወደ መውረጃው በመሄድ ፈንታ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፤ ከኮሪደሩም ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ሠራተኛው መልካም ልጅ ነው፤ ክሱ እሱን እንዳያስቀይመው ይሁን።

ቀና አልኩ። እትዬ ብርቄ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ያነባሉ።

«ቤቴን አሲዘህ ነበር?» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጭን ሆነ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ፣ ታይሏን እኔው አነጥፍላት ነበር።

«እትዬ ብርቄ፣ ሞርጌጁ፣ ራሔል፣ የሱቁ ዱቤ» አልኩ።

«ቆይ» አሉ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ። «ይሄ የቤት ቁጥር የኔ አይደለም። ይሄ የግሌን ነው።»

«ተሳስቼ ነው።»

«እኔን ላሲዝ ብለህ ሄደህ ግሌንን አሲዘህ መጣህ?»

«አዎ።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማልቀሳቸው መስሎኝ ተነስቼ እጃቸውን ልይዝ ስል ነው ሳቅ መሆኑ የገባኝ።

«ሻወሩን እንደሠራኸው ነዋ ይሄንንም የሠራኸው!» አሉ በሳቁ መሀል። «ጎረቤት ድረስ ፈሰሰ!»

ሳቅ እንደ ጉንፋን ነው። ያዘኝ። ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቅን። ጋሽ ኑሩ በመስታወቱ አሻግረው አይተውን የተደባደብን መስሏቸው ሮጠው ገቡ፤ ስንስቅ ሲያዩ ጠረጴዛው ጥግ ተቀምጠው፣ ምኑ እንዳሳቀን ሳይጠይቁ፣ እሳቸውም ጀመሩ።

ስንረጋጋ «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ጨርሰህ ስታበቃ እንደ ሙሽራ ፊትህ በርቶ ቆመህ፣ እልል አልኩልህ። ያን እልልታ በምን አፌ ልመልሰው? ገንዘቡን ብሰጥህ ትሄዳለህ፣ አትመለስም። ካልሰጠሁህ ትመጣለህ፣ ስትመጣ እነግረዋለሁ አልኩ። ስትመጣ ደግሞ አፌ አልከፈት ይላል። ለባዶ ሆድ ክፉ ነገር አይነገርም ብዬ ምግብ አቀርባለሁ። ስትበላ ደግሞ እንዴት ይነገራል? በየሳምንቱ ፎጣ አንጥፌ እየታጠብኩ፣ ፎጣ እየጨመቅኩ ከረምኩ። የወንድሜ ልጅ ነው ቦንዱን ክሰሺ ያለኝ። ቦንድ ሩቅ ዘመድህ መስሎኝ፣ አንተን ከማስቀይም እሱ ይቀየመኝ ብዬ ነው።»

ጋሽ ኑሩ የግሌንን መልቀቂያ በሙሉ ክንዳቸው መቱት። የእትዬ ብርቄን ክስ ቀድደው ጣሉት። ለሁለቱም አላስከፈሉንም። ዳውንታውን ወርጄ መልቀቂያውን አስመዘገብኩ፤ ግሌን ዓርብ ፈርሞ ቤቱን ሸጠ፤ ስለ አሪዞና ፀሐይ ሊነግረኝ ደወለልኝ። ሦስት ወሩ ገና አልሞላም ነበርና ራሔል «አሁን በትክክለኛው ቤት ላይ እንደገና አስመዝግብ» አለችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ ሻወሩን ልየው አልኩ።

እትዬ ብርቄ ውኃውን ከፈቱልኝ። ቆሜ አየሁት። ውኃው ወረደ፤ ወለሉ ላይ ትንሽ ቆመ፤ መውረጃውን እንዳላየ አለፈው፤ በበሩ ወጣ፤ ኮሪደሩን ይዞ፣ የግድግዳውን ፎቶግራፎች እያየ እንደሚሄድ እንግዳ ሳይቸኩል መኝታ ቤት ገባ። የሻወሩን ተዳፋት ሸሚዙን ገልብጦ እንደለበሰ ሰው ገልብጬው ኖሯል። በዚያ ሁሉ ሳምንት በዚያ ቤት ስበላ፣ አንድ ቀን እንኳ ሻወሩ እንዴት ነው ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። የሒሳቡ ነገር ይነሳብኛል ብዬ።

ማግሥቱን መዶሻዬን ይዤ መጣሁ። የወይራ ቅጠሉን ታይል አፈረስኩት፤ እትዬ ብርቄም ስባሪውን በሁለት እጃቸው እያነሱ ባልዲ ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አስመጡና ተቀመጡ። ሰው አንዴ ከይሉኝታ ከወጣ መልሶ መግቢያው ይጠፋዋል። «ያቺ ታይል ጠማማ ናት» ይላሉ። አይደለችም እላለሁ። «ናት» ይላሉ። ናት። «ፀጉርህን ለምን አትቆረጥም?» ይላሉ። ስልክ ይደወልላቸዋል፤ «ያመጣሽልኝ በርበሬ ጥሩ አልነበረም፣ ካመጣሽልኝ ጀምሮ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር» ይላሉ። ለወንድማቸው ልጅ ደውለው ሚስቱን እንደሚወዷት፣ እሱ ግን ዘፈኑን እንዲያቆም ነገሩት። እሑድ ደግሞ ቄሱን ጠጋ ብለው ስብከቱ ማለፊያ ነው፣ ግን ሁለት ጊዜ ያልቃል አሏቸው። ቄሱ አመሰገኑ፤ ሕዝቡም በልቡ አመሰገነ።

እኔም በበኩሌ የመጨረሻውን ታይል አስቀምጬ፣ ተነስቼ፣ አቧራዬን አራግፌ፣ «እትዬ ብርቄ፣ ሒሳቤን» አልኩ። ሳልደነቃቀፍ ወጣ። ቼኩን ጽፈው ሰጡኝ። ኪሴ ልከተው ስል «አታየውም?» አሉኝ። አየሁት። ትክክል ነበር። ጨምረውበት እንደሆነ ብዬ እንደገና አየሁት። አልጨመሩም።

ከደረቀ በኋላ የመሞከሪያው ቀን ደረሰ። ራሔል ከልጆቹ ጋር መጣች፤ ጋሽ ኑሩ ማህተማቸውን ጥለው መጡ። እትዬ ብርቄ ሻወሩን ከመክፈት ይልቅ በባልዲ ይሁን አሉ። ባልዲውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ ትንፋሽ ሰብስበው አፈሰሱት። ውኃው ተዘረጋ። ትንሽ አመነታ። የኮሪደሩን አቅጣጫ ያየ መሰለኝ፤ ራሔል እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ ዞረ። ሲሮጥ ሄዶ መውረጃው ውስጥ ገባ፤ የመጨረሻዋ ጠብታ ስትገባ ጉርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ብርቄ እልልታውን አቀለጡት፤ ራሔል ተቀበለቻቸው፤ ጋሽ ኑሩ አጨበጨቡ።

በሩ ተንኳኳ። የግሌንን ቤት የገዙት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ጩኸቱን ሰምተው የታመመ ሰው አለ ብለው ሮጠው የመጡ። እትዬ ብርቄ እጃቸውን ይዘው አስገብተው፣ ጫማቸውን አስወልቀው፣ ሻወሩ ፊት አቆሟቸው። ሚስትየዋ ታይሉን በመዳፏ ዳሰሰች። ባልየው የወርቁን መስመር ተከተለ።

«እኛም ያንን ፕላስቲክ ልናወጣ እያሰብን ነበር» አለች። «ማነው የሠራው? ጎበዝ ነው?»

እትዬ ብርቄ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ለመዋሸት የተፈጠረ ሰው አይደሉም፤ አሁን ደግሞ ከነጭራሹ ብሶባቸዋል። ወደ ሴትየዋ ዞሩና በዚያ በሚያምር እንግሊዝኛቸው፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘኑ፣ «ቬሪ ጉድ» አሉ። ጣታቸውን አነሱ። «ሰከንድ ታይም።»

ሥራውን አገኘሁ። ውሉን ጋሽ ኑሩ ጻፉት፤ እኛ ከመፈረማችን በፊት ባልየው አንድ መስመር ካልገባ አልፈርምም አለ፤ ገባ፦ ሥራው አለቀ የሚባለው እትዬ ብርቄ በራሳቸው ባልዲ ውኃ አፍስሰው፣ አይተው፣ እልል ያሉ እንደሆነ ብቻ ነው።